ከቤት ማድቤት ምግብ መሸጥ በካሊፎርኒያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሊፎርኒያ ውስጥ በየአበሻው የቴሌግራም ግሩፕ «ትኩስ እንጀራ አለ»፣ «ለዓርብ የጾም በያይነቱ ትዕዛዝ ጀምሬያለሁ» የሚል መልእክት አይጠፋም። ክፍያው በዜል፣ ርክክቡ በር ላይ ነው። ሻጮቹ ብዙውን ጊዜ ጎበዝ ባለሙያዎች ናቸው። ፈቃድ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ፈቃድ የሌለው ስላልቻለ አይደለም፤ መኖሩንም ስላልሰማ ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ የካሊፎርኒያን የግዛት ሕግ የሚመለከቱ ናቸው። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ ወይም ሚኒሶታ ካሉ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የዚህን አይውሰዱት።

ቤቴ አብስዬ መሸጥ በሕግ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል። ሁለት ሕጎች ሁለት በር ከፍተዋል።

የመጀመሪያው ኮቴጅ ፉድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤቱ ዳቦ እየጋገረ ለሱቆች የሚያስረክብ አንድ ሰው ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ካውንቲው ወዲያው ሽያጩን አስቆመው። ጉዳዩ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ማይክ ጋቶ ዘንድ ደረሰና ኤቢ 1616 የተባለው ሕግ ተረቀቀ። ገዢው ጄሪ ብራውን በ2012 ፈረሙበት፤ በጥር 2013 ሥራ ላይ ዋለ። ይህ በር ፍሪጅ ለማይፈልጉ ደረቅ ነገሮች ነው።

ሁለተኛው ሜኮ (MEHKO፣ Microenterprise Home Kitchen Operation የሚለው የእንግሊዝኛ ስም አጭር መጠሪያ) ነው። በ2018 የወጣው ኤቢ 626 ያቋቋመው ሲሆን ትኩስ ምግብ ቤት ውስጥ አብስሎ መሸጥ ያስችላል። ወጥ፣ ጥብስ፣ በያይነቱ፣ ሳምቡሳ የሚሸጥ ሰው መንገዱ ይሄ ነው።

የትኛው በር ነው የእኔ?

ምግቡ ነው የሚወስነው። የሥራው ትልቅነት አይደለም። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ቢቀመጥ ሰው የማያሳምም ከሆነ ወደ ኮቴጅ ፉድ ይሂዱ። ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና፣ የተደባለቀ ደረቅ ቅመም፣ ማር፣ ኩኪስ እዚህ ይገባሉ። ሥጋ፣ የበሰለ ጥራጥሬ፣ ክሬም ካለበት ግን ኮቴጅ ፉድ አይሆንም። ሳምቡሳ የምስር ቢሆንም ያው ነው፤ የበሰለ ምስር በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ቡናው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቆልተው በከረጢት መሸጥ ይችላሉ። አፍልተው በስኒ መሸጥ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ በኮቴጅ ፉድ አይፈቀድም።

እንጀራስ?

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የሕጉ ዝርዝር «ክሬም፣ ከስተርድ ወይም ሥጋ የሌለበት የተጋገረ ምግብ» ይልና ዳቦ፣ ብስኩት፣ ቹሮ፣ ኩኪስ፣ ፔስትሪ፣ ቶርቲያ እያለ ምሳሌ ይጠቅሳል። እንጀራ በስም የለበትም። ሆኖም ዝርዝሩ «እንደ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ቶርቲያ ከገባ ለእንጀራ የሚከራከሩበት መነሻ አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል እንጀራ እርጥበቱ ከፍተኛ ነው፤ ሊጡም ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ኢንስፔክተር ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ምጣድ ሳይገዙ፣ ክፍያም ሳይከፍሉ በፊት ለካውንቲዎ የአካባቢ ጤና ቢሮ በኢሜይል ይጻፉ። በስልክ ብቻ አይሁን፤ የጽሑፍ መልስ ሰነድ ይሆንዎታል። ሲጽፉ «ኢትዮጵያን ብሬድ» ብለው አይለፉት። ከምን ዱቄት እንደሚሠሩ፣ ስንት ቀን እንደሚያቦኩ፣ እንጀራው እንዴት እንደሚታሸግና ስንት ቀን እንደሚቆይ በዝርዝር ይንገሯቸው። መቦካቱ አሲድ እንደሚፈጥር፣ አሲዱም ብዙ ጎጂ ተሕዋስያንን እንደሚገታ ያስረዱ። እንጀራን በሕይወቱ ያላየ ሠራተኛ «ሊጥ ለሦስት ቀን ውጭ ተቀመጠ» ብቻ ከሰማ መልሱ እምቢ ቢሆን አይፈረድበትም።

ወጥ ብቻ ሊሸጡ ያሰቡ ደግሞ ቀላሉ መፍትሔ እንጀራውን ፈቃድ ካለው ጋጋሪ መግዛት ነው። ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

እናቴ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የላከችልኝን በርበሬና ሽሮ መጠቀም እችላለሁ?

ለራስዎ ምሳ፣ ጉምሩክ ካሳለፈው፣ ማን ይከለክልዎታል። ለሚሸጥ ምግብ ግን አይሆንም። ሕጉ ማንኛውም ጥሬ ዕቃ ከታወቀና ፈቃድ ካለው ምንጭ እንዲመጣ ይጠይቃል። ችግር ቢፈጠር ዕቃው ከየት እንደመጣ ወደኋላ መከታተል መቻል አለበት። የሻንጣ በርበሬ ደረሰኝ የለውም፤ ወፍጮ ቤቱም ተመዝጋቢ አይደለም። ለንግድ ምግብ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ለፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

ቅር እንደሚል አውቃለሁ። የብዙ ሰው ወጥ ምስጢሩ ያ በርበሬ ነው። ያለው አማራጭ ከሕጋዊ አስመጪ ገዝቶ ቤት ውስጥ ማመጣጠን ነው። ደረቅ ቅመም ደባልቆ መሸጥ በኮቴጅ ፉድ የተፈቀደ ነው። ሽሮን በተመለከተ ግን ዱቄቱ ምን ምን እንደገባበት ዘርዝረው ካውንቲውን ይጠይቁ።

ክላስ ኤ እና ክላስ ቢ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም የኮቴጅ ፉድ ደረጃዎች ናቸው። ክላስ ኤ ለገዢው በቀጥታ ብቻ ለሚሸጥ ነው። ፎርም ሞልተው ይመዘገባሉ፤ ቅሬታ ካልመጣ በቀር ቤትዎን የሚፈትሽ አይመጣም። ክላስ ቢ ደግሞ በሱቅና በሬስቶራንት በኩል ጭምር ለመሸጥ ነው። ዳቦ ቆሎዎን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ያለ ሱቅ ውስጥ መደርደር ከፈለጉ የሚያስፈልግዎ እሱ ነው። ለእሱ ቤቱ በዓመት አንዴ ይፈተሻል።

የዓመት ሽያጭ ጣሪያም አለ። በ2021 የወጣው ኤቢ 1144 ለክላስ ኤ 75,000 ዶላር፣ ለክላስ ቢ 150,000 ዶላር አድርጎታል። ቁጥሩ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እየተስተካከለ ይሄዳል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ጠቅላላ ሽያጭ ነው፤ ትርፍ አይደለም። ከቤተሰብ ውጭ የሚቀጠረው አንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ብቻ ነው። ከተመዘገቡ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ የምግብ አዘገጃጀት ሥልጠና መውሰድም ግዴታ ነው።

የማድቤቱ ሕግ አጭር ነው፤ አበሻ ቤት ውስጥ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። የሚሸጠው ነገር በሚዘጋጅበት ሰዓት ሕፃናትና የቤት እንስሳት ማድቤት አይገቡም። በዚያው ሰዓት የቤተሰብ እራት አይሠራም፣ ልብስ አይታጠብም፣ እንግዳም አይስተናገድም። ጎረቤት ቡና ልጠጣ ብላ ብትመጣ ሳሎን ትቀመጥ።

ሜኮ በሁሉም ቦታ አለ?

የለም። ለእኔ የዚህ ሕግ ትልቁ ድካም ይሄ ነው። ኮቴጅ ፉድ በመላው ካሊፎርኒያ ይሠራል። ሜኮ ግን እያንዳንዱ ካውንቲ «እሺ» ካላለ አይሠራም። መጀመሪያ እሺ ያለው ሪቨርሳይድ ካውንቲ ነው። ኦክላንድ ያለበት አላሚዳ ካውንቲ ተከተለ፤ ሳንዲያጎም ገባ። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ የተቀላቀለው በ2024 መጨረሻ ነው። የራሳቸው ጤና ቢሮ ያላቸው ሎንግ ቢች፣ ፓሳዴናና በርክሊ ደግሞ የሚወስኑት ለብቻቸው ነው። አንድ መንገድ ተሻግሮ ሕጋዊ የሆነው ዶሮ ወጥ ወዲህ ማዶ ሕገ ወጥ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ።

በሜኮ ስንት ሰሃን መሸጥ ይቻላል?

በቀን 30፣ በሳምንት 90 ሰሃን። የዓመት ሽያጩ ጣሪያ 100,000 ዶላር ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይስተካከላል። ይህ ከ2024 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በሳምንት 60 ሰሃንና 50,000 ዶላር ብቻ ስለነበር ብዙዎች አያዋጣም ብለው ትተውት ነበር። የድሮውን መረጃ ይዘው ተስፋ የቆረጡ ካሉ አሁን እንደገና ያስሉት።

ለፈቃዱ የምግብ ደኅንነት ኃላፊነት ፈተና ያለፈ ሰው ያስፈልጋል። ምን እንደሚያበስሉ፣ እንዴት እንደሚያበስሉና እንደሚያጸዱ፣ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት እንደሚሠሩ የሚገልጽ ጽሑፍም ያስገባሉ። የሬስቶራንት ዓይነት ባለሦስት ገንዳ ማጠቢያ ግን ግዴታ አይደለም፤ የቤት ምድጃና የቤት ፍሪጅ ይበቃል። የቤት ማድቤት የሚለው ነገር ሲጀመር ትርጉም የኖረውም ለዚህ ነው።

ዶሮ ወጡን ማታ ሠርቼ በማግስቱ ብሸጥስ?

አይቻልም። ሜኮ ውስጥ ምግቡ የሚዘጋጀው፣ የሚበስለውና የሚቀርበው በዚያው ቀን ነው። «ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል» የሚለው የእኛ ጨዋታ እዚህ አይሠራም። ቁሌቱን ቅዳሜ ማታ አብስሎ እሁድ ዶሮውን መጨመርም ያው ጥሰት ነው። ስለዚህ ዶሮ ወጥ የሚሸጡበትን ቀን በጠዋት ለመነሣት ይዘጋጁ፤ ወይም ምናሌውን ቶሎ በሚደርሱት በምስር፣ በጎመን፣ በአልጫና በጥብስ ያድርጉት። እንደ እኔ ጀማሪ በጾም በያይነቱ ቢጀምር ይሻለዋል። ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፣ የሥጋ ጣጣ የለውም፣ ረቡዕና ዓርብ ገበያው አይጠፋም።

ለምን ይህን ያህል ይጠነቀቃሉ? እኛ ስንት ዘመን በልተነው ምን ሆንን?

ችግሩ ትልቅ ድስት ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ መፍላትን ተቋቁሞ ይተርፋል። ሃያ ሊትር ወጥ ከምድጃ ወርዶ ማድቤት ጥግ ሲያድር መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል። ዘሩ ያን ጊዜ ይነቃና በፍጥነት ይባዛል። የበላው ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ተቅማጥም ይከተላል። ብዙው ሰው «የሆነ ነገር በላሁ» ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ምንም ያልሆንን የሚመስለን።

የካሊፎርኒያ ሕግ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ41 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወይም ከ135 በላይ እንዲቆይ ያዛል። በሴልሺየስ 5 እና 57 ገደማ ነው። መሃሉ አደገኛ ክልል ነው። ዶሮ ሲበስል ውስጡ 165 ፋራናይት መድረስ አለበት። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ በርካሽ ዋጋ የሚገኘው የምግብ ቴርሞሜትር ከማንኛውም የማድቤት ዕቃ በፊት ይገዛ።

ኢንስፔክተሩ መኝታ ቤቴን ያያል?

አያይም። ማየት የሚችለው ፈቃድ የተሰጠበትን ክፍል ብቻ ነው፤ ማድቤቱን፣ ምግብ የሚቀመጥበትንና እንግዳ የሚጠቀምበትን መጸዳጃ። ለመደበኛ ፍተሻ በዓመት አንዴ፣ አስቀድሞ አሳውቆ ይመጣል። ቅሬታ ከቀረበ ወይም አደጋ አለ ተብሎ ከተጠረጠረ ግን ተጨማሪ ጉብኝት ይኖራል።

ጠጅና ጠላ?

መሸጥ ክልክል ነው። ለራስዎ መጥመቅ ይችላሉ። የፌዴራሉ ሕግ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ወይንና እስከ 200 ጋሎን ቢራ ይፈቅዳል፤ ጠጅ እንደ ወይን ይቆጠራል። አንዲት ብርሌ እንኳ በገንዘብ ከሸጡ ግን የፌዴራልና የግዛት የአልኮል ፈቃድ ሊኖርዎ ይገባል። ሜኮ ይህን አይተካም። ከጥሬ ወተት የተሠራ አይብና ቅቤም በሜኮ አይሸጥም።

ለሠርግና ለክርስትና ማብሰልስ? ለቤተ ክርስቲያንስ?

ሜኮ ኬተሪንግ አይደለም። የ200 ሰው ሠርግ ይዘው ቢሄዱ በቀን 30 የሚለውን ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የፈቃዱን ዓይነትም ጥሰዋል። ለዚያ የኬተሪንግ ፈቃድና ፈቃድ ያለው የንግድ ማድቤት ያስፈልጋል። ማድቤቱን በሰዓት የሚያከራዩ አሉ።

ቤተ ክርስቲያንና ማኅበራት ጥሩ ዕድል አላቸው። ቤተ ክርስቲያን፣ የግል ክበብ ወይም ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ለአባላቱና ለእንግዶቻቸው ብቻ ምግብ ቢሰጥ ወይም ቢሸጥ፣ ዝግጅቱም በ90 ቀን ውስጥ ከሦስት ቀን ካልበለጠ እንደ ምግብ ቤት አይቆጠርም። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ባዛር ግን ጊዜያዊ ፈቃድ ይፈልጋል። «ለሁሉም ክፍት» ብለው ፌስቡክ ላይ ለጥፈው በኋላ «የአባላት ነው» ማለት አያስኬድም።

ማሸጊያው ላይ ምን ልጻፍ?

ለኮቴጅ ፉድ ምርት፣ በእንግሊዝኛ፦ የምግቡን ስም፣ የንግድዎን ስምና ከተማ፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የሰጠዎትን ካውንቲ፣ የተጣራ ክብደቱን፣ ጥሬ ዕቃዎቹን ከብዙው ወደ ትንሹ። «ሜድ ኢን ኤ ሆም ኪችን» የሚለው ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይወጣል። አማርኛውን ከጎኑ መጨመር ይችላሉ።

ከሁሉም የምፈራው የአለርጂውን መስመር ነው። የአሜሪካ ሕግ በስም እንዲገለጹ የሚያዛቸው ዘጠኝ ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሸርጣንና መሰሎቹ፣ እንደ አልመንድ ያሉ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሰሊጥ። ኑግና ሱፍ አልተጠቀሱም፤ ሰሊጥ ግን ተጠቅሷል። በንጥር ቅቤ የተሠራ ነገር ወተት አለበት ማለት ነው። ዳቦ ቆሎ ስንዴ ነው።

ጤፍስ? አሜሪካ ውስጥ የሚጋገረው ብዙ እንጀራ ጤፍ ብቻ አይደለም። ስንዴ፣ ገብስ ወይም ራሱ የሚነፋ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ይህን ሳይናገሩ «ግሉተን ፍሪ» ብሎ መሸጥ የማስታወቂያ ማጋነን ብቻ አይደለም፤ ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን የሚነሣ ሕመም) ያለበትን ሰው በቀጥታ ይጎዳል። በፌዴራሉ መስፈርት ግሉተን ፍሪ ለመባል ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ ቢሆንም በዚያው ምጣድና በዚያው ማሰሻ የስንዴ ቅልቅል ሲጋገር ከኖረ፣ ያንን ቃል ባይጽፉት ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ ማስተዋወቅና መላክ ይቻላል?

ማስተዋወቅ ይቻላል። ማስታወቂያው ላይ የፈቃድ ቁጥሩ፣ ካውንቲውና ቤት የተሠራ መሆኑ ይጻፍ። ሜኮ ከሆኑ ደጅ ላይ ታቤላ መስቀል ክልክል ነው።

የኮቴጅ ፉድ ምርት በፖስታ መላክ የሚቻለው በካሊፎርኒያ ውስጥ ብቻ ነው። ላስ ቬጋስ ያለችው ደንበኛዎ ኔቫዳ ናት፤ ለእሷ አይላክም። የሜኮ ምግብ ደግሞ ራስዎ፣ ቤተሰብዎ ወይም ሠራተኛዎ ያደርሱታል። ዶርዳሽና መሰሎቹ በመደበኛነት አይፈቀዱም፤ ልዩነት የተደረገው ለአካል ጉዳተኛ ደንበኞች ነው።

ያለ ፈቃድ ብሸጥ ምን ይመጣብኛል?

ከፈቃዱ ዋጋ እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ቅጣት፣ ሽያጩን ማስቆም፣ ምግቡን ማስወገድ። የምግብ ሕጉን መጣስ እንደ ቀላል ወንጀል ተቆጥሮ ከ25 እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ሊያስከትልም ይችላል። በተግባር ጉዳዩ የሚጀመረው ጎረቤት ወይም ተፎካካሪ ሲጠቁም ነው። የእኔ ስጋት ግን መቀጮው አይደለም። ሰው ታሞ ቢከስዎት የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የንግድ ጉዳትን አይሸፍንም። ፈቃድ ያለው ሰው የተለየ የኃላፊነት ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል፤ የሌለው ማን ይሸጥለታል?

ታክስ አለበት?

አለበት። የተጣራ ገቢዎ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ለፌዴራል መንግሥት የግል ሥራ ታክስ ያሳውቃሉ። ትኩስ ምግብ ሲሸጥ የካሊፎርኒያ የሽያጭ ታክስ ስላለ የሻጭነት ፈቃድ ያውጡ።

ተከራይ ነኝ። አፓርታማ ውስጥ ይቻላል?

ሕጉ አፓርታማን አይከለክልም፤ የሚኖሩበት ቤት መሆኑን ብቻ ይጠይቃል። የጓደኛ ማድቤት አይሆንም። የኪራይ ውልዎ ግን ንግድ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ያንብቡ።

እኔ ሻጭ አይደለሁም፤ ገዢ ነኝ። ምን ልጠይቅ?

የፈቃድ ቁጥር ይጠይቁ። ነውር አይደለም። ፈቃድ ያላት ሴት ገንዘብና ጊዜ አጥፍታበታለች፤ ስትጠየቅ ደስ ነው የሚላት። ቁጥሩን ይዘው ካውንቲው ጋ ደውለው ማረጋገጥ ይችላሉ። ትኩስ ምግብ ሲረከቡ እጅዎን ዕቃው ላይ ያድርጉ፤ ለብ ብሎ ከመጣ ይመልሱ። አለርጂ ካለብዎ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ።

ከታመሙ የተረፈውን አይጣሉ። በፌስታል ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ማሸጊያውን ፎቶ ያንሱ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ከዚያ ለካውንቲው የአካባቢ ጤና ቢሮ ያመልክቱ። ሌሎችም በዚያው ቀን በልተው ታመው ከሆነ የሚደርሱበት በዚያ መንገድ ብቻ ነው።